ጂፒአር ወይስ ኤኢጂዲ? ከመወሰናችሁ በፊት ረዚደንቶቹን አናግሩ

እዚህ አሜሪካ የጥርስ ሕክምና የሚማሩ የእኛ ልጆች አራተኛ ዓመት ሲደርሱ ይደውሉልኛል። ከተመረቁ በኋላ ስለሚገቡበት የተግባር ሥልጠና፣ ስለ ረዚደንሲ፣ ነው የሚጠይቁኝ፤ «ከጂፒአርና ከኤኢጂዲ የቱ ፕሮግራም ይሻላል?» ነው ጥያቄው። እኔ ደግሞ መልሼ እጠይቃለሁ፦ ዓመቱ ሲያልቅ ብቻችሁን ምን መሥራት መቻል ትፈልጋላችሁ?

ጂፒአር (ጀነራል ፕራክቲስ ረዚደንሲ) በአብዛኛው ሆስፒታል ውስጥ ነው። ማደንዘዣ ክፍልና ውስጥ ደዌ ገብታችሁ ትሠራላችሁ። ብዙ ጊዜ የሌሊት ተረኝነትም አለው፤ ፊቱ ያበጠ ሰው ወይም ኳስ ሲጫወት ጥርሱ የወለቀ ልጅ ሲመጣ የሚጠሩት እናንተን ነው። ኤኢጂዲ (የአጠቃላይ ጥርስ ሕክምና ከፍተኛ ሥልጠና) ደግሞ ባብዛኛው የጥርስ ሕክምና ኮሌጅ ወይም ክሊኒክ ውስጥ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ከወንበሩ አትርቁም። ሁለቱም ብዙውን ጊዜ አንድ ዓመት ናቸው፤ ሁለተኛ ዓመት የሚጨምሩም አሉ። ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ወይም የልብ ቫልቭ የተቀየረለት ሰው ጥርስ ንቀሉ ስትባሉ ድንግጥ የምትሉ ከሆነ፣ የእኔ ምክር ጂፒአር ነው። ክራውን (የጥርስ ሽፋን) እና የሥር ሕክምና ላይ እጃችሁ እንዲፈጥን ከፈለጋችሁ ግን ኤኢጂዲ ይበቃል።

ፕሮግራሙ የኮዳ፣ ማለትም የጥርስ ሕክምና ትምህርትን የሚገመግመው የአሜሪካ ኮሚሽን፣ እውቅና እንዳለው አረጋግጡ። ይሄ ድርድር የለውም። ኒውዮርክ ፈቃድ ለማውጣት ረዚደንሲ ግዴታ ነው፤ ደላዌርም አንድ ዓመት ይጠይቃል። ኢትዮጵያ ተምራችሁ የመጣችሁ ደግሞ ልብ በሉ፦ ረዚደንሲ ብቻውን ብዙ ስቴት ላይ ፈቃድ አያሰጥም፤ የአሜሪካ ዲግሪ ይፈልጋሉ። ማመልከቻ ከመሙላታችሁ በፊት ልትኖሩበት ያሰባችሁትን ስቴት የጥርስ ቦርድ ደንብ አንብቡ።

ቃለ መጠይቅ ስትሄዱ ዋናው ሥራ ዳይሬክተሩ በሌለበት ሠልጣኞቹን፣ ማለትም ረዚደንቶቹን፣ ማናገር ነው። አንድ ቦታ ዳይሬክተሩ «ኢምፕላንት (ሰው ሠራሽ የጥርስ ሥር) በደንብ እናስተምራለን» ብሎ አሞካሸ። ኮሪደር ላይ ረዚደንቷን ስጠይቃት ሳቀች። «እሱ ይተክላል፣ እኛ መምጠጫ ይዘን እንቆማለን» አለችኝ። ስለዚህ «ኢምፕላንት አለ?» አትበሉ። «ባለፈው ወር አንቺ ራስሽ ስንት ተከልሽ?» በሉ። የሥር ሕክምናም እንደዚሁ፤ የፊት ጥርስ ነው ወይስ መንጋጋ? መንጋጋዎቹ ሁሉ ወደ ስፔሻሊስት የሚላኩ ከሆነ ዓመቱን የፊት ጥርስ ስትሠሩ ትጨርሳላችሁ። ረዳት አለ ወይ ብላችሁም ጠይቁ። ረዳት የሌለበት ቦታ ወንበር ስታጸዱና ዕቃ ስታዘጋጁ ግማሽ ቀናችሁ ያልቃል፤ ይሄን ደግሞ ብሮሹሩ ላይ አታገኙትም።

ገንዘብ ማውራት ነውር አይደለም። ጂፒአር ባብዛኛው ደመወዝ ይከፍላል። ከኤኢጂዲ ውስጥ ግን የማይከፍልም፣ እንዲያውም ክፍያ የሚጠይቅም አለ። የተማራችሁበት ብድር ደግሞ እናንተን አይጠብቅም፤ ክፍያውን ብታስቆሙም ወለዱ ይቆጥራል።

ማመልከቻው ፓስ በሚባለው የኢንተርኔት ማመልከቻ ሥርዓት ይገባል። የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፉላችሁን መምህራን ቀደም ብላችሁ ለምኑ፤ ነገሩ የሚዘገየው ሁሌም እነሱ ጋ ነው። ከዚያ ማች አለ፤ እናንተና ፕሮግራሞቹ እርስ በርስ የሰጣችሁትን ደረጃ አይቶ የሚያገናኝ አሠራር ነው፤ ሁሉም ፕሮግራም ባይገባበትም። ደረጃ ስትሰጡ «እነሱ ይፈልጉኝ ይሆን?» እያላችሁ አታስሉ፤ ከልባችሁ የምትፈልጉትን አንደኛ አድርጉ። አሠራሩ በዚህ አይጎዳችሁም። ውጤቱ ግን አስገዳጅ ስለሆነ፣ ቢደርሳችሁ የማትሄዱበትን ቦታ ዝርዝሩ ላይ አታስገቡ።