ለሁለተኛ ጊዜ የልብ ኦፕራሲዮን ሲታዘዝላችሁ

በልጅነቱ የልብ ቫልቩ (ደም ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚዘጋው የልብ በር) የተጠገነለት ሰው ሃያዎቹን ሲይዝ "እንደገና መከፈት አለበት" መባሉ ብርቅ አይደለም። በእኛ አገር ዋናው መነሻ የሩማቲክ የልብ ሕመም፣ ማለትም በልጅነት የጉሮሮ ሕመም መዘዝ ቫልቩን የሚጎዳው ሕመም ነው። ቫልቩ ቢጠገንም ጠባሳው መጥበቡን ወይም ማፍሰሱን ሊቀጥል ይችላል። ከእንስሳት የተሠራ ቫልቭም ወጣት ሰው ላይ ቶሎ ያረጃል። እኔም በዚህ በኩል አልፌያለሁ።

1. የፊተኛውን ኦፕራሲዮን ወረቀት ፈልጉ። ከሆስፒታል ስትወጡ የተሰጣችሁ አጭር ማጠቃለያ አይበቃም። ሐኪሙ የሚፈልገው ዝርዝር ሪፖርቱን ነው፦ ምን ተሠራ፣ ምን ዓይነት ቫልቭ ገባ፣ መጠኑ ስንት ነው። ሕንድ ወይም እስራኤል ሄዳችሁ ከታከማችሁ ዛሬውኑ ኢሜይል ጻፉ። ስታገኙት ፎቶ አንስታችሁ ቴሌግራም ላይ ለራሳችሁ ላኩት። ፌስታል ውስጥ ያለ ወረቀት ቤት በተቀየረ ቁጥር ይጠፋል።

2. ቤተሰቡን አዘጋጁ። ከመጀመሪያው በኋላ ልብና የደረት አጥንት በጠባሳ ይያያዛሉ። አጥንቱ ሲከፈት ልብ እንዳይነካ ሐኪሞቹ በጥንቃቄ፣ ቀስ እያሉ ነው የሚለያዩት። ቀድሞ ሲቲ ስካን የሚታዘዘውም ልብ ከአጥንቱ ምን ያህል እንደራቀ ለማየት ነው። ሰዓቱ ይረዝማል፣ ደምም በብዛት ሊያስፈልግ ይችላል። ደም ሰጪ ዘመድ ቀድማችሁ አሰባስቡ። ውጭ የምትጠብቀው እናታችሁም ሰዓቱ ስላለፈ ብቻ ክፉ እንዳታስብ ንገሯት።

ጥርሳችሁንም ከኦፕራሲዮኑ በፊት አሳዩ። መውለድ የምታስቡ ሴቶች ደግሞ የቫልቩን ዓይነት አሁን ተነጋገሩበት። የብረት ቫልቭ ያለው ሰው የሚወስደው፣ ደም እንዳይረጋ የሚከላከለው ዋርፋሪን ጽንስ ይጎዳል፤ ቫልቩ ከገባ በኋላ ይህን መስማት ከባድ ነው።

3. የኦፕራሲዮኑ ቀን የእናንተ ሥራ መተኛት ነው። ጽኑ ሕሙማን ክፍል ስትነቁ ጉሮሯችሁ ውስጥ ቱቦ ስለሚኖር መናገር አትችሉም። እስኪወጣ በእጅ ምልክት ተግባቡ።

4. ደረታችሁን ጠብቁ። ስትስሉ ትራስ ደረታችሁ ላይ አጥብቃችሁ እቀፉ። ከአልጋ ስትነሱ በእጅ አትደገፉ፤ ወደ ጎን ዞራችሁ እግራችሁን አውርዱና ተነሱ። አጥንቱ እስኪገጥም ከ6 እስከ 12 ሳምንት ይፈልጋል። እስከዚያ ጀሪካን ማንሳት፣ ሊጥ ማቡካት፣ አውቶቡስ ላይ ተንጠልጥሎ መሄድ የለም። ጠያቂም ይቀነስ። ጉንፋን ይዞት "እግዚአብሔር ይማርህ" ሊል የሚመጣውን በር ላይ የሚመልስ ደፋር አስታማሚ መድቡ።

5. ዋርፋሪን። ብረት የምንለው ቫልቭ ከገባላችሁ ዕድሜ ልክ ነው። ደም እንዳይረጋበት ይከላከላል። አይኤንአር የሚባለው የደም ምርመራ ደማችሁ ለመርጋት ምን ያህል እንደሚዘገይ በቁጥር ያሳያል። ለሚትራል ቫልቭ (በግራ በኩል ባሉት ሁለት የልብ ክፍሎች መካከል ላለው) አብዛኛውን ጊዜ የሚፈለገው ከ2.5 እስከ 3.5 ነው፤ የእናንተን ሐኪማችሁ ይወስናል። ሲወርድ ደም ይረጋል፣ ስትሮክ ይመጣል። ሲወጣ ደም መፍሰስ ያሰጋል።

ብዙዎች "ጎመን እንዳትነኩ" ይሏችኋል። እኔ አልስማማም። ችግሩ ጎመን መብላት ሳይሆን አንድ ሳምንት በየቀኑ፣ ሌላ ሳምንት ጨርሶ አለመብላት ነው። በጎመን ውስጥ ያለው ቫይታሚን ኬ መድኃኒቱን ያዳክማል። እስቲ አስቡት፦ ሁዳዴ ሲገባ ጎመን ይበዛል፣ ቁጥሩ ይወርዳል። ፋሲካ ሲደርስ ጎመኑ ይቀራል፣ ቁጥሩ ይወጣል። ስለዚህ የምትጾሙ ከሆነ ጾሙ እንደገባና እንደተፈታ ተመርመሩ። የጎመኑን መጠን ዓመቱን ሙሉ ተመሳሳይ ማድረግ ከሁሉም ይሻላል።

ሁለተኛው ወጥመድ ፋርማሲ ነው። ለአሜባ የምንውጠው ሜትሮኒዳዞል አይኤንአርን በጣም ያወጣል። ባክትሪም የሚባለው አንቲባዮቲክም እንደዚያው። የሕመም ማስታገሻዎቹ ዲክሎፋክና አይቡፕሮፌን ደም መፍሰስን ያባብሳሉ። ማንኛውንም ነገር ከመግዛታችሁ በፊት "ዋርፋሪን እወስዳለሁ" በሉ። የሚሰጧችሁ እንክብል ከሌላ ፋብሪካ ከሆነ በቀለሙ አትመኑ፣ ሚሊግራሙን አንብቡ።

ለማስታወስ የስልክ መተግበሪያ ብዙ አይጥመኝም፤ ባትሪ ሲያልቅ እሱም አለቀ። ቀን፣ መጠንና የአይኤንአር ውጤት የሚጻፍበት ደብተር ይሻላል፤ ሐኪሙም በአንድ እይታ ያነበዋል። ጸበል የምትሄዱም መድኃኒታችሁንና ደብተሩን ይዛችሁ ሂዱ።

ሩማቲክ የነበራችሁ ሰዎች ቫልቭ ተቀየረ ብላችሁ በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ የምትወስዱትን የፔኒሲሊን መርፌ በራሳችሁ አታቁሙ።

6. ሳትዘገዩ ወደ ሐኪም የሚያስሮጡ ምልክቶች እነዚህ ናቸው፦ ከ38 ዲግሪ በላይ ትኩሳት፣ ከቁስሉ የሚወጣ መግል፣ ስትንቀሳቀሱ ቀጭ የሚል የደረት አጥንት፣ የአንድ ጎን መስነፍ ወይም የአንደበት መያዝ፣ በአንድ ሳምንት 2 ኪሎ መጨመር። የብረት ቫልቭ ትክትክታም ከለመዳችሁት ውጭ ከታፈነ ወይም ከጠፋ ነገ አትበሉ።

7. ጥርስ ከመነቀል በፊት አንቲባዮቲክ ያስፈልጋል፤ ለጥርስ ሐኪሙ ቫልቭ እንዳላችሁ ሳትናገሩ አፋችሁን አትክፈቱለት። የቫልቩን ዓይነትና ዋርፋሪን መውሰዳችሁን የሚገልጽ ካርድም ከመታወቂያችሁ ጀርባ አድርጉ።