የሚኒያቸር ጦርነት ጨዋታ ትርዒት ሲሄዱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ትንንሽ የወታደር ምስሎችን ቀለም ቀብተው፣ ኮረብታና ወንዝ በተሠራበት ጠረጴዛ ላይ አሰልፈው፣ በዳይስና በሜትር የሚዋጉ ሰዎች አሉ። እነዚህ ሰዎች አልፎ አልፎ አንድ አዳራሽ ይዘው ቀኑን ሙሉ ይገናኛሉ። የአዳራሹ ግማሽ ገበያ ነው፣ ግማሹ ጨዋታ። እኔ ለዓመታት የገበያውን ግማሽ ብቻ አይቼ እመለስ ነበር። ከዚህ በታች የምጽፋቸውን ስህተቶች አብዛኞቹን ራሴ ሠርቻቸዋለሁ፤ የቀሩትን ደግሞ ኋላ ላይ ከጠረጴዛው ማዶ ሆኜ ጨዋታ ማስተናገድ ስጀምር አየኋቸው።

ከበር እንደገቡ ኪስ መዳበስ

የመጀመሪያው መደብ ላይ የተደረደረው ሳጥን ሁልጊዜ ዓይን ይስባል። እዚያው ገንዘብዎን ከጨረሱ ግን ቀሪው ቀን በቁጭት ያልፋል። መጀመሪያ አንድ ዙር ምንም ሳይገዙ ይዙሩ። ማን ምን ይዞ እንደመጣና የትኛው ዕቃ ከአንድ በላይ መደብ ላይ እንዳለ ይወቁ። ከቤት ሲወጡ የሚፈልጉትን በወረቀት ጽፈው ከያዙ ደግሞ የተሻለ ነው፤ እዚያ ውስጥ ሆኖ ማስታወስ ይከብዳል።

ያገለገለ ዕቃ የሚሸጥበት ጠረጴዛ ግን ለየት ይላል። ጥሩ ጥሩው ጠዋት ላይ ስለሚያልቅ መጀመሪያ እሱ ጋ ይሂዱ። ሲያነሱ ይቁጠሩ፤ እጅ ወይም ጠመንጃ የጎደለው ምስል አለመኖሩን ይዩ። ቀለሙ ወፍሮ የፊቱን ቅርጽ ደፍኖት ከሆነ ምስሉ ከምን እንደተሠራ ይጠይቁ። ከብረት ከሆነ ቀለሙን ማስለቀቅ አይከብድም። ፕላስቲክ ከሆነ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ አሴቶን ቢነካው ከቀለሙ ጋር ምስሉም ይቀልጣል።

በሳጥኑ ላይ የተጻፈውን ሚሊ ሜትር ማመን

ገንዘብ የሚያስከፍለው ትልቁ ስህተት ይህ ነው። 28 ሚሊ ሜትር የተባለ ምስል ሁሉ አንድ ቁመት የለውም። አንዱ አምራች ከእግር እስከ ዓይን ይለካል፣ ሌላው እስከ አናት። አንዱ የሰውነትን ትክክለኛ መጠን ጠብቆ ቀጠን አድርጎ ይቀርጻል፣ ሌላው ጭንቅላቱንና እጁን አግንኖ ይሠራል። ሁለቱን አንድ ሰልፍ ውስጥ ካቆሟቸው ጎልማሳና ልጅ ይመስላሉ።

ተሽከርካሪና ሕንፃ ላይ ነገሩ ይብሳል፤ እነሱ የሚገለጹት በሚሊ ሜትር ሳይሆን በንጽጽር ቁጥር ነው፤ 1/56 ማለት ከእውነተኛው ዕቃ በ56 እጥፍ ያነሰ ማለት ነው። ለ28 ሚሊ ሜትር ብዙ ሰው የሚጠቀመው 1/56 ነው፣ ለ20 ሚሊ ሜትር 1/72፣ ለ15 ሚሊ ሜትር 1/100፣ ለ6 ሚሊ ሜትር ደግሞ 1/285 ወይም 1/300። እኔ በአንድ ወቅት ለ28 ሚሊ ሜትር እግረኞቼ 1/72 የጭነት መኪና ገዝቼ ቤት ገባሁ። ወታደሩን አጠገቡ ሳቆመው ጭንቅላቱ ከመኪናው ጣሪያ ጋር እኩል ሆነ።

መፍትሔው ቀላል ነው። ከራስዎ ሠራዊት አንድ ምስል በጥጥ ጠቅልለው በትንሽ ቆርቆሮ ይዘው ይሂዱ። መደቡ ላይ ከሚሸጠው ጎን አቁመው ጎንበስ ብለው በምስሉ ዓይን ከፍታ ይመልከቱ። ሻጩ አይከፋውም፤ ብዙዎቹ ራሳቸው ተጫዋቾች ስለሆኑ ጥያቄው ይገባቸዋል። በዚያው ምስሉ ከሥሩ የሚለጠፍበትን የመቆሚያውን ስፋት ያስተያዩ፤ አንዳንድ የጨዋታ ሕጎች የመቆሚያን መጠን ይወስናሉ፣ አንዴ ተለጥፎ የደረቀውን መንቀል ደግሞ አድካሚ ነው።

ቆሞ ማየት

ይህን ስህተት ከሁሉም በላይ እንዲያስወግዱት እፈልጋለሁ። ሰዎች ወደ ጠረጴዛው ይጠጋሉ፣ እጃቸውን ወደኋላ አጣምረው ያያሉ፣ ከዚያ ዝም ብለው ይሄዳሉ። ምክንያታቸውን ስጠይቅ የምሰማው ሁሌም አንድ ነው፤ «ሕጉን አላውቀውም»።

ሕጉን ማወቅ አይጠበቅብዎትም። የፕሩሲያው መኮንን ራይስቪትስ እ.ኤ.አ. በ1824 ለጦር መኮንኖች ባዘጋጀው ጨዋታ ተጫዋቹ ትእዛዝ ይሰጣል፣ ሕጉን ይዞ ውጤቱን የሚወስነው ደግሞ ዳኛው ነው። ዛሬም በትርዒት ላይ ለተመልካች በሚቀርብ ጨዋታ አስተናጋጁ የዚያን ዳኛ ሥራ ይሠራል። የእርስዎ ድርሻ «ይህን ቡድን ወደ አጥሩ አስጠጋው» ማለት ነው። ስንት ሴንቲ ሜትር እንደሚሄድና ዳይሱ ስንት መውጣት እንዳለበት እሱ ይነግርዎታል።

አንድ ጊዜ ናፖሊዮን የተሸነፈበትን የዋተርሉን ውጊያ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. የጁን 18 ቀን 1815ን፣ ከፊሉን ብቻ ወስደን የሁጉሞን እርሻ ግቢን አዘጋጅተን ነበር። ፈረንሳዮች በዚያ ዕለት የሰሜኑን በር ሰብረው ገብተዋል፤ እንግሊዞች በትከሻቸው ገፍተው መልሰው ዘጉት። በእኛ ጠረጴዛ ላይ በሩ ከክብሪት እንጨት የተሠራ ነበር፤ በስፒል ላይ ይዞራል። አንዲት እናት ከልጇ ጋር መጥታ ዳር ላይ ቆመች። «ልጄ ነው የሚወደው» አለችኝ። የበሩን ጠባቂዎች ለእሷ ሰጠኋት። ግማሽ ሰዓት ያህል ከተጫወተች በኋላ በሩን ለመዝጋት አምስት ወይም ስድስት ማውጣት ነበረባት። ዳይሱን በሁለት እጇ ይዛ ረጅም ጊዜ አንቀጠቀጠችው። አምስት ወጣ። በሩን በጣቷ ገፋ አድርጋ ስትዘጋው ልጇ እየጮኸ ዘለለ፤ ጠረጴዛውን የከበበው ሰው በሙሉ አጨበጨበ። እንዲህ ያለው ነገር ሳጥን ገዝተው ቢመለሱ አያገኙትም።

ስለዚህ ሁለት ነገር ይጠይቁ፤ «ቦታ አለ?» እና «ስንት ደቂቃ ይፈጃል?»። አንዳንዱ ጠረጴዛ ለእይታ ብቻ የቀረበ ስለሆነ አይጫወቱበትም። ያኔም ስለ ውጊያው ወይም ስለ አሠራሩ ቢጠይቁ ባለቤቱ ደስ ይለዋል፤ ወራት የደከመበትን ሥራ አንድ ሰው ጠጋ ብሎ ሲያየው ለእሱ ትልቅ ነገር ነው።

ሳይጠይቁ ማንሳት

ቀለም የተቀባ ምስል በመጀመሪያ የሚላጠው ጎላ ያለው ቦታ ላይ ነው፤ አፍንጫ፣ የቆብ ጫፍ፣ ጉልበት። ጣት ሲደጋገምበት ቫርኒሽ የተቀባውም ይለቃል። ምስሎቹ የሚሠሩበት ብረት ለስላሳ ስለሆነ ጦርና ሳንጃው ይጎብጣል፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ከተቃና ደግሞ ይሰበራል። ይፈቀድልኝ ብለው ይጠይቁ፤ ከተፈቀደልዎት ከመቆሚያው ይያዙ።

የጀርባ ቦርሳ ደግሞ ከእጅ ይልቅ ያጠፋል። ሰው በሚጋፋበት መተላለፊያ ዞር ሲሉ ቦርሳው ልክ በጠረጴዛው ከፍታ ይጠርጋል። አንድ ሙሉ የፈረሰኛ ክንፍ እንዲህ ሲወድቅ አይቻለሁ፤ ባለቤቱ ምንም አልተናገረም፣ መሬት ላይ ተንበርክኮ የፈረስ እግር ይለቅም ጀመር። ቦርሳዎን በደረትዎ በኩል ይያዙ። መጠጥም ጠረጴዛው ላይ አያስቀምጡ።

ከምን እንደተሠራ ሳይጠይቁ መግዛት

የፕላስቲክ ሙጫ ፕላስቲኩን ራሱን አቅልጦ ስለሚያጣብቅ በብረትና በሬዚን (ፈሳሽ ሆኖ ቅርጽ ውስጥ ተፈስሶ የሚጠነክር ቁስ) ላይ አይሠራም፤ ለእነሱ ሱፐር ግሉ ያስፈልጋል። ሬዚን ሲሞረድ የሚወጣው ብናኝ ሳንባን ይጎዳል፤ ጭንብል አድርገው፣ ዕቃውንም በውኃ እያረጠቡ ይሞርዱ። ጠምዘዝ ያለ የሬዚን ሰይፍ ካዩ ግን አይተዉት። ሙቅ ውኃ ውስጥ ሲገባ ይለሰልሳል፣ አቅንተው ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ሲያስገቡት እንደያዘ ይቀራል። የድሮ ምስሎች ደግሞ እርሳስ ሊኖርባቸው ይችላል፤ ከነኩ በኋላ እጅ ይታጠቡ፣ ለትንንሽ ልጆችም አይስጡ።

ጥቃቅኖቹ

ያገለገለ ዕቃ የሚሸጡ ግለሰቦች ብዙ ጊዜ ጥሬ ገንዘብ ብቻ ይቀበላሉ፤ ዝርዝር ገንዘብ ይያዙ። ወለሉ ሲሚንቶ ነው፣ ቀኑን ሙሉ ስለሚቆሙ ለስላሳ ጫማ ያድርጉ። ፎቶ ሲያነሱ ስልኩን ወደ ጠረጴዛው ዝቅ ያድርጉት፤ ከላይ የተነሳ ሠራዊት ቆብና ትከሻ ብቻ ነው።

ገበያው ሲቀዘቅዝ መውጣት

ከሰዓት በኋላ ሰው ሲሳሳ ብዙዎች ወደ ቤት ያመራሉ። እኔ ግን የመጨረሻዋን ሰዓት እወዳታለሁ። አስተናጋጆቹ ከጠዋት ጀምሮ ያን ጊዜ ገና ቁጭ ይላሉ፤ ድምፃቸው የደከመ ቢሆንም ለማውራት ጊዜ አላቸው። ጠረጴዛ ሲፈርስ «ላግዝዎት?» ይበሉ። ከሰዓታት በፊት የማይነገረው ሁሉ ያኔ ይወጣል። የበሰለው የስንዴ ማሳ ከበር ምንጣፍ የተቆረጠ መሆኑን ያወቅሁት እንዲህ ነው። ያን ቀን ሙሉ ያደነቅሁትን የሣር ሜዳ ደግሞ የጠረጴዛው ባለቤት የሆኑት ሽማግሌ ሲጠቀልሉ ጠርዙን ገልጠው አሳዩኝ፤ የአሻንጉሊት ድብ የሚሠራበት ጸጉራም ጨርቅ ነበር፣ በጸጉር መቁረጫ ማሽን አሳጥረው አረንጓዴና ቡናማ ቀለም የቀቡት። አንድ መዳፍ የሚያህል ቁራጭ ቆርጠው ሰጡኝና «ቤት ሄደህ ሞክረው» አሉኝ።