ቡና ገበሬ ጓሮ ሲሄዱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ደሴ ላይ ቡና አይበቅልም፤ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ብርዱ አይመቸውም። ስለዚህ የደሴ ልጅ «ቡና የጅማና የሐረር ነው» ብሎ ቢያድግ አይፈረድበትም። ወደ ኮምቦልቻ ወርዶ ካሉ ወረዳ ውስጥ የዘለቀ፣ ወይም በሐይቅ በኩል ወደ ተሁለደሬና አምባሰል ወይና ደጋ የሄደ ሰው ግን ቡናን በየጓሮው ከሙዝ፣ ከጌሾና ከሎሚ ጋር ተጎራብቶ ያገኘዋል። ኮምቦልቻ ስለምኖር እንግዳና ተማሪ ይዤ ወደነዚህ ጓሮዎች እመላለሳለሁ። ደጋግሜ ያየኋቸውን ስህተቶች ልንገራችሁ።

ወቅቱን ሳይጠይቁ መነሣት

ደረቅ ወራት የጠማው ቡና የመጀመሪያው ዝናብ ካረፈበት በኋላ በአሥር ቀን ገደማ ያብባል። ነጩ አበባ ጥቂት ቀን ታይቶ ይረግፋል። ከዚያ ፍሬው እስኪቀላ ከ7 እስከ 9 ወር ይፈጃል። ለቀማ ማየት የሚሻ ጥቅምትና ኅዳር ይሂድ። እኔ አንድ ጊዜ እንግዶች ግንቦት ላይ ይዤ ሄጄ ጥሬ ፍሬ ብቻ አይተው ተመልሰዋል፤ ጥፋቱ የኔ ነበር። የጁምዓ ቀን እኩለ ቀን ላይ ሰው ቤት አይደረስም፤ በረመዳን ደግሞ ጠዋቱ ይሻላል።

«ጓሮው ጫካ ሆኗል» ብሎ መፍረድ

ይህ ከሁሉም የሚያሳዝነኝ ነው። በመስመር የተተከለ፣ ፀሐይ የሚመታው ማሳ ማየት የለመደ ዓይን ከዋንዛና ከግራር ሥር የቆመ ቡና ሲያይ ባለቤቱ የተወው ይመስለዋል። ቡና ግን በተፈጥሮው የደን ልጅ ነው፤ በምዕራቡና በደቡብ ምዕራቡ የአገራችን ደን ውስጥ ዛሬም ማንም ሳይተክለው ይበቅላል። ጥላው ሙቀቱን ያበርድለታል፣ እርጥበቱን ይይዝለታል፣ ዶፉን ይቀበልለታል። የረገፈው ቅጠል በስብሶ አፈሩን ይመግባል። በልግ አንዳንዴ በሚቀርበት በኛ አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ጥላ ሲበዛም ይጎዳል፦ ፍሬው ይቀንሳል፣ እርጥበት የሚወድ በሽታም ይበረታል። አርሶ አደሩ የትኛውን ቅርንጫፍ መቼ እንደሚቆርጥ የሚያውቀው ለዚህ ነው። ስለዚህ «ለምን አትመነጥሩትም?» ከማለት «አባባ፣ ይህን ዛፍ ለምን አቆዩት?» ብላችሁ ጠይቁ። አንድ ሽማግሌ ይህን ጠይቄያቸው ዛፍ በዛፍ እያዞሩ ግማሽ ቀን አስተምረውኛል፦ የትኛው ውሃ እንደሚሻማ፣ የትኛው ቅጠሉ ቶሎ እንደሚበሰብስ፣ ባሕር ዛፍን ለምን ከቡናው እንዳራቁት።

ያረጀ ቡና ከታች ተቆርጦ ጉቶው ብቻ ቆሞ ካያችሁም አትደንግጡ። ጉንደላ ይባላል። ከጉቶው አዲስ ቀንበጥ ይወጣና ዛፉ ይታደሳል። ገቢው ሁለት ሦስት ዓመት ስለሚቋረጥ ብዙዎች ሁሉንም በአንድ ጊዜ አይጎነድሉም፤ በየዓመቱ ከፍለው ነው።

ስለ ጫት መገሠጽ

ቡናው ተነቅሎ ጫት የተተካበት ጓሮ ታያላችሁ። እኔም ሳየው ይከፋኛል። ነገር ግን አስቡት፦ ቡና በዓመት አንዴ ይለቀማል፤ አዲስ ችግኝ ደግሞ ፍሬ እስኪሰጥ ሦስት ዓመት ገደማ ያስጠብቃል። ውሃ ያገኘ ጫት ግን በዓመት ደጋግሞ ይቆረጣል፣ ብሩም ወዲያው ይደርሳል። ልጅ የሚያስተምር አባት ይህን ሂሳብ ከእንግዳ በላይ ያውቀዋል። ይልቅ ቡናውን እስካሁን ያልነቀለውን ፈልጉና ምን እንዳስቻለው ጠይቁት።

«ኦርጋኒክ ነው?» ብሎ መጀመር

ብዙው የጓሮ ቡና ፋብሪካ ማዳበሪያ አያይም፤ የሚያየው ፍግ፣ አመድና የቡናው ገለባ ነው። የምስክር ወረቀት ግን ሌላ ነገር ነው፤ መርማሪና ክፍያ ይጠይቃል። ወረቀት የለውም ብላችሁ ቡናውን አታሳንሱ። አፈሩን ምን እንደሚመግቡት ጠይቁ፤ መልሱን ከዚያ ታገኙታላችሁ። ስለ ምርት ስታወሩም በፈረሱላ አውሩ፤ አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው። አንድ ኪሎ ጥሬ ቡና ለማግኘት ከ5 እስከ 6 ኪሎ ቀይ እሸት እንደሚለቀም ካወቃችሁ ዋጋ ላይ አትከራከሩም።

ከአባወራው ጋር ብቻ ማውራት

እሸቱን ከሚለቅሙት፣ አስጥተው ከሚያገላብጡት፣ ማታ ጤዛ እንዳይነካው ከሚሸፍኑት እጆች ብዙዎቹ የሴት ናቸው። ጀንፈሉ፣ ማለትም ከነቅርፊቱ የተሰጣው ቡና፣ መድረቁን ጆሮዋ አጠገብ አንቀጫቅላ በድምፁ የምትለይ እናት አይቻለሁ። ለእሷ ጥያቄ የሌለው እንግዳ የጉዞውን ግማሽ ሳያይ ተመለሰ።

ፍሬ መቀንጠስ፣ ችግኝ ይዞ መምጣት

ሳያስፈቅዱ ምንም አይነካም። ችግኝና አፈር ከአንዱ ጓሮ ወደ ሌላው መውሰድ ደግሞ ከነውርነቱ በላይ አደጋ አለው። ቡናን በቁሙ አድርቆ የሚገድል በሽታ አለ። ገጀራ ወይም ዶማ ባቆሰለው ግንድ ይገባል፣ በአፈርም ይተላለፋል። ጫማችሁን አራግፋችሁ ግቡ።

አቦሉን ጠጥቶ መነሣት

ወሎ ውስጥ ቡና ሲፈላ ዱዓ አለ፣ ምርቃት አለ። በአቦል ስለ ጤና፣ ስለ ከብት፣ ስለ ዝናብ ይጠየቃል። ስለ ዕዳው፣ ስለ ነጋዴው፣ የደረቀው ቡና እንዴት እንደሞተ የሚወራው ቶና ላይ ነው። የምትቸኩሉ ከሆነ ገና ስትደርሱ ተናገሩ፤ እናት ጀበናዋን ከመጣዷ በፊት።