የተዘጋ ቤት፣ የተቆለለ የውሃ ቢል

ቤቱ ዝግ ነው። ሰው የለበትም። የመጣው የውሃ ሒሳብ ግን ቤተሰብ ሙሉ የሚኖርበት ቤት እንኳ የማይከፍለው ነው። ውጭ አገር ሆኖ እንዲህ ያለ መልእክት ሲደርስ ያናድዳል። ቶሎ የሚመጣልን ሐሳብ ደግሞ ቁልፍ የያዘውን ሰው መጠርጠር ነው። እባካችሁ፣ ቆጣሪው ሳይታይ ማንንም አትናገሩ። እኔ ቸኩዬ የአክስቴን ልጅ በስልክ ክፉ ተናግሬዋለሁ። ጥፋቱ ግን የሽንት ቤቱ ውሃ ማጠራቀሚያ ውስጥ ያለች ያረጀች ጎማ ነበረች። ይቅርታ ጠይቄዋለሁ፤ ንግግሬ ግን እስካሁን ይቆጨኛል።

መጀመሪያ ቆጣሪውን ፎቶ አስነሱ። ንባቡም የቆጣሪው መለያ ቁጥርም ይታይ። ከዚያ ከቢሉ ጋር አስተያዩት። ቢሉ ላይ የተጻፈው ንባብ ቆጣሪው አሁን ከሚያሳየው ከበለጠ፣ ቆጣሪ አንባቢው ተሳስቷል ወይም በግምት ሞልቷል። መለያ ቁጥሩ ካልገጠመ የሌላ ሰው ሒሳብ መጥቶባችሁ ሊሆን ይችላል።

ንባቡ ልክ ከሆነ ሁሉንም ቧንቧ አዘግቱና ቆጣሪውን በቪዲዮ አስቀርጹ። መስታወቱ ሥር ያለችው ትንሿ መዘውር ከዞረች ውሃ እየፈሰሰ ነው። ውሃ በፈረቃ የሚመጣ ከሆነ ይህን ውሃ ባለበት ሰዓት አሠሩት። መስመሩ ደረቅ ሲሆን ቆጣሪው አይዞርም፤ «ሰላም ነው» ተብላችሁ ትሸወዳላችሁ። ቀጥሎ ቤቱ መግቢያ ላይ ያለው ቫልቭ ይዘጋ። አሁንም ከዞረች ፍሳሹ ከቆጣሪው እስከ ቫልቩ ባለው መስመር ላይ ነው። ከቆመች ቤት ውስጥ ፈልጉ።

በሰከንድ 1 ጠብታ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ በቀን 20 ሊትር ገደማ ቢያባክን ነው። በደቂቃ 1 ሊትር የሚያፈስ ሽንት ቤት ግን በቀን 1,440 ሊትር፣ በወር 43 ሜትር ኩብ ይወስዳል። ወለል ስለማያረጥብ ማንም ልብ አይለውም። ማጠራቀሚያው ውስጥ ቀለም ጠብ አድርገው ግማሽ ሰዓት ይጠብቁ። ውሃ ሳይለቀቅ ቀለሙ ሳህኑ ውስጥ ከታየ ተገኝቷል። የታንከሩም ተንሳፋፊ ኳስ ይፈተሽ። ውሃ በጠፋ ሰዓት ተከፍቶ የተረሳ ቧንቧም ብዙ ጉድ ያመጣል።

ወደ ቢሮ የሚሄደው ሰው ውክልና ይያዝ፤ የውሃ ጉዳይ በግልጽ ይጻፍበት። ቅሬታው ከነፎቶው በጽሑፍ ይግባ፤ ቅጂው ላይ ገቢ ማኅተም ይደረግበት። አንባቢው በር ተዘግቶበት ለወራት ሳያነብ ቆይቶ ከሆነ፣ የተጠራቀመው ፍጆታ ለየወሩ ተከፋፍሎ እንዲሰላ ጠይቁ። ታሪፉ ፍጆታ ሲጨምር የሚወደድ ከሆነ ልዩነቱ ትልቅ ነው። ብልሽት ካልተገኘ ቆጣሪው ራሱ ይመርመር በሉ። ፍሳሹ የቤቱ ከሆነ ግን ዕዳው የእናንተ ነው፤ የቧንቧ ሠራተኛውን ደረሰኝ አያይዛችሁ ቅናሽ ወይም በየወሩ መክፈል ይፈቀድልን ማለት ያዋጣል። መልስ እስኪመጣ የወትሮውን ያህል መክፈል ይቻል እንደሆነ ጠይቁ፣ ውሃው እንዳይቆረጥ።

እኛ ቤት አሁን ቫልቩ ዝግ ነው። የአክስቴ ልጅ ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን የቆጣሪውን ፎቶ ይልክልኛል። የዚህ ወር ቁጥር ካለፈው ጋር አንድ ነው።