ለኤሌክትሮን ግራ እጃችሁን ተጠቀሙ

ማግኔቲክ ፊልድ ውስጥ የሚሮጥ ኤሌክትሮን ወዴት እንደሚገፋ ሲጠየቅ ብዙ ተማሪ በቀኝ እጁ በትክክል ይሠራና ቻርጁ ኔጌቲቭ መሆኑን ረስቶ መልሱን ሳይገለብጥ ይተወዋል። መላው ቀላል ነው፦ ፖዘቲቭ ከሆነ ቀኝ እጅ፣ ኔጌቲቭ ከሆነ ግራ እጅ። መዳፋችሁን ዘርጉ። አውራ ጣት ቅንጣቱ ወደሚሄድበት፣ አራቱ ጣቶች ወደ ፊልዱ አቅጣጫ ይሁኑ፤ ፎርሱ መዳፋችሁ ወደሚገፋበት ነው።

የሚሠራው ግራ እጅ የቀኝ እጅ የመስታወት ምስል ስለሆነ ነው። ሁለቱን አቅጣጫዎች እንዳሉ ስትይዙ መዳፉ ራሱ ዞሮ ወደ ተቃራኒው ያያል፣ ማለትም ኔጌቲቭ ምልክቱን እጃችሁ ያስገባላችኋል።

ግን ጥያቄው ስለ ከረንት ከሆነ በዚህ የመዳፍ ዘዴ ሁሌም ቀኝ እጅ ነው፣ ምክንያቱም የከረንት አቅጣጫ የተሰየመው በፖዘቲቭ ቻርጅ ነው። በሦስት ጣት የሚሠራው የፍሌሚንግ የግራ እጅ ደንብም ሌላ ነገር ነው፣ እሱ ለከረንት ነው፣ የጣቶቹም ትርጉም ይለያልና ከዚህ ዘዴ ጋር አታደባልቁት። ደግሞ ፈተና ላይ እስክሪብቶውን አስቀምጡ! ቀኝ እጁ ስለተያዘ ብቻ ሳያስበው በግራው ለፕሮቶን የሚሠራ ሞልቷል።