መምህር አግኝታችሁ እንዳታባክኑት፦ ድሬ ላይ ያየኋቸው ስህተቶች

ድሬዳዋ፣ ከዚራ የሚባለው ሰፈር፣ ዛፍ ሥር ሻይ ይዤ ተቀምጫለሁ። ጊታር ያነገተ አንድ ልጅ መጥቶ ፊቴ ቆመ። «ጋሼ፣ አቦ ሜንተሬ ሁን!» አለኝ። (ድሬ ላይ አንቱታ ብዙ ቦታ የለውም። «ጋሼ» ብሎ ጠርቶ «አንተ» ይላችኋል፣ የሚቀየምም የለም።) «ምን እንዳስተምርህ ነው?» አልኩት። ትንሽ አሰበና «ስቱዲዮ ያላቸው ሰዎች ታውቃለህ አይደል?» አለኝ።

አልፈረድኩበትም። እኔም በእሱ ዕድሜ መምህሬን የፈለግኩት ለዚሁ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሃያ ዓመት ሠርግ ላይ ኪቦርድ ስጫወት ብዙ አጥፍቻለሁ፣ ሌሎች ሲያጠፉም አይቻለሁ። ልጁ እስኪመለስ ድረስ ያሰብኩትን እዚህ ልጻፈው።

ጆሮውን ትቶ ስልኩን መፈለግ

የስህተቶቹ ሁሉ አባት ይሄ ነው። አንጋፋ ሙዚቀኛ ዘንድ ያለው ትልቁ ንብረት ጆሮው ነው። እናንተ የማትሰሙትን ይሰማል። ከፍ ስትሉ ድምፃችሁ ከቅኝቱ ትንሽ እንደሚወርድ፣ ሦስተኛው ስንኝ ላይ ትንፋሽ እንደሚያጥራችሁ፣ ከበሮው ሲሞቅ እንደምትቸኩሉ። ይህን ፊት ለፊት የሚነግር ሰው በቀላሉ አይገኝም። ዘመድ አይነግራችሁም፣ ጓደኛም ይፈራል።

ስልክ ደውሎ ማስተዋወቅማ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ግን ስቱዲዮ ገብታችሁ ድምፃችሁ አልቃና ካለ የሚወድቀው የእሱም ስም ነው። ሁለተኛ አይደውልላችሁም።

«ትምህርቱ መቼ ነው የሚጀመረው?»

መምህሬ ዘንድ ሦስት ወር ስመላለስ አንድም ቀን «ዛሬ ይህን እንማር» አላለኝም። ስፒከር አሸከመኝ። ገመድ አስጠቀለለኝ። ገመድ በክንድ ላይ እየጠመጠሙ ማጥበቅ ውስጡን እንደሚበጥሰው ያወቅኩት ያኔ ነው። በሰፊ ክብ፣ አንዱን ዙር ወደ ውጭ፣ ቀጣዩን ወደ ውስጥ እያዞሩ ነው የሚጠቀለለው። ለዚህ ነው እንዴ የመጣሁት ብዬ ተናድጄ ነበር።

አንድ ማታ ሳቢያን ሠርግ ላይ ሆንን። እኩለ ሌሊት አካባቢ የድምፃዊው ድምፅ መሻከር ጀመረ። ቀጥሎ ያለው ዘፈን ደግሞ ከፍታ ያለው ነው። ሰውዬው ምንም አልተናገረም፣ ጉሮሮውን ብቻ ነካ አደረገ። መምህሬ እያለቀ ያለውን ዘፈን ሳያቆም አጭር ማሸጋገሪያ ዜማ ፈጠረ፣ በዚያው አንድ ድምፅ ዝቅ አለና አዲሱን ዘፈን ከዚያ ጀመረው። ባሱ ተከተለው፣ ተቀባዮቹም ተከተሉት። ከሚጨፍረው ሕዝብ ማንም አላወቀም። እኔ ያየሁት ከእግሩ ሥር ገመድ ይዤ ስለተቀመጥኩ ነው። እንዲህ ያለ ነገር የትኛው ክፍል ውስጥ፣ በየትኛው ቀን ይሰጣል?

የእኛው ድምፃዊ ዓሊ ቢራ አፍረን ቀሎ የሚባለውን የሙዚቃ ቡድን የተቀላቀለው ገና ታዳጊ ሳለ ነው። ቡድኑ እዚሁ ድሬ ላይ በእኛ አቆጣጠር በ1950ዎቹ የተመሠረተ ነበር። ክፍሉም፣ ጥቁር ሰሌዳውም ያ ቡድን ነበር። በኋላ የክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ ሲገባ ባዶ እጁን አልሄደም።

ሥራ ሳይኖር ስም ማውጣት

ዓሊን ካነሳሁ አይቀር። የአባቱ ስም መሐመድ ነው። «ቢራ» የመጣው ከዘፈኑ ነው። በኦሮምኛ ክረምቱ አልፎ ሰማዩ ሲጠራ የሚመጣው ወቅት ቢራ ይባላል። ዘፈኑ ተወደደ፣ ስሙም እላዩ ላይ ቀረ። ዛሬ ግን አንድም ዘፈን ሳይኖራቸው የመድረክ ስም፣ ሎጎና ቲሸርት ያላቸው ልጆች አውቃለሁ። ቲሸርቱ ያምራል እንግዲህ።

አቋራጩን ከመምህር መደበቅ

ኪቦርድ ላይ ትራንስፖዝ የምትባል ቁልፍ አለች። ጣታችሁን ከለመደበት ሳታነሱ ድምፁን ሁሉ ከፍ ወይም ዝቅ ታደርግላችኋለች። ትዝታ ሜጀር የሚባለው ቅኝት ከሲ ሲነሳ ነጭ ብቻ ነው፦ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ። ብዙው ልጅ ይህችን ይለማመድና ሌላውን ሁሉ በቁልፏ ይጨርሳል። እኔም እንደዚያ ነበርኩ። ያወቀብኝ ሰው ያለ አይመስለኝም ነበር።

መምህሬ ግን አንድ ቀን ከኪሱ የቁስል ፕላስተር አወጣና ቁልፏ ላይ ለጠፈው። «ቆስላለች፣ ትረፍ» አለኝ። ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም። ያን ሳምንት ትዝታን ከኤፍ ሻርፕ አስጀመረኝ፣ እዚያ አምስቱም ጥቁሮቹ ናቸው። ቀላል መሰለኝ። ቀጥሎ ከኢ ፍላት ሲለኝ ሦስት ነጭ ሁለት ጥቁር ሆነብኝና ጣቴ ተሳሰረ። ከዚያ ኡዱን አነሳ። ኡድ አንገቱ ላይ እንደ ጊታር መስመር የለውም። ድምፁ የት እንዳለ የሚነግር ምልክት የለም፣ ጆሮ ካልመራ ጣት ይጠፋል። አምስቱን ድምፅ አንድ በአንድ እየመታ በአፌ አስዜመኝ። መጀመሪያ በአፍ፣ ከዚያ በጣት። ሁለት ወር ፈጀብኝ።

የገረመኝ መቼ እንዳወቀ ነው። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያውቅ ነበር አሉ። ከመምህር የተደበቀ አቋራጭ እኮ መምህሩ ዝም ያለው አቋራጭ ነው።

«እንዴት ነው፣ ያምራል?»

ይህ ጥያቄ መልሱን ይዞ ነው የሚመጣው። «ያምራል» ይላችኋል፣ አበቃ። ሀበሻ ፊት ለፊት «አያምርም» አይልም። ይልቅ ጠበብ አድርጋችሁ ጠይቁ። አዝማቹ ቶሎ ነው የሚመጣው ወይስ ይዘገያል? ሁለተኛው ስንኝ ቃል አልበዛበትም? የቱ ጋ ሰለቸህ? የመጨረሻዋ ጥያቄ ታማለች፣ ግን እንደ እሷ የሚጠቅም አላየሁም።

ሌላው የሰዓቱ ጉዳይ ነው። ድሬ ከሰዓት በኋላ ምን እንደምትመስል ታውቃላችሁ። ሙቀቱ አለ፣ በርጫው አለ፣ ፍራሹ አለ። አሥር ሰዓት ገደማ ምርቃናው ሲመጣ የማይዜም ነገር የለም። እኔ አንድ ቀን አሥራ አንድ ዜማ ስልኬ ላይ ቀዳሁ። ዓለም ጉድ ሊል ነው ብዬ ሌሊቱን ሙሉ አልተኛሁም። ጠዋት ስሰማው ሦስቱ አንድ ዓይነት ናቸው። አንዱ ጎረቤት ሬዲዮ ላይ የምሰማው ማስታወቂያ ነው። የቀሩት ላይ የሚሰማው የእኔ «እሺ፣ እሺ፣ እዚች ጋ!» የሚል ድምፅ ብቻ ነበር። በምርቃና የተወለደ ዜማ ጠዋት ፊታችሁን ታጥባችሁ ካልሰማችሁት ለመምህር አታሰሙት። እሱንም በርጫ ላይ አትጠይቁት፣ ያኔ ሁሉም ያምረዋል።

የማያውቁትን ቋንቋ እንደ በቀቀን መዝፈን

ድሬን የወለዳት ባቡር ነው። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ እዚህ የደረሰው በ1902 (እ.ኤ.አ.) ነው፣ ከዚያ በኋላ ያልመጣ ሰው የለም። ስለዚህ እዚህ ከተማ ሠርግ የሚሠራ ባንድ በአማርኛ ብቻ አያመልጥም። ኦሮምኛ ይጠየቃል፣ ሶማሊኛ ይጠየቃል፣ የሙሽራዋ ወገን ከሐረር ከመጣ ሐረሪኛም ይጠየቃል።

አንድ ጎበዝ ድምፃዊ ነበረን፣ ድምፁ ማር ነው። የኦሮምኛ ዘፈን ከስልክ እየሰማ በፊደል ጽፎ ያጠናል። ችግሩ ፊደላችን አናባቢ መርዘሙንና ማጠሩን አያሳይም፣ አማርኛ አይፈልገውምና። ኦሮምኛ ላይ ግን ትርጉም ይለውጣል። «ለፈ» በአጭሩ መሬት ነው፣ አናባቢዎቹ ሲረዝሙ ለስላሳ ማለት ይሆናል። ሶማሊኛም የራሱ ጣጣ አለው። እኛ «ሐ» እና «ዐ» ብለን ጽፈን እንደ «ሀ» እና «አ» የምናነባቸው ድምፆች እዚያ ከጉሮሮ ነው የሚወጡት፣ ሲሳቱ ቃሉ ሌላ ነው። ልጁ አንድ ሠርግ ላይ ሲዘፍን ፊት የተቀመጡት እናቶች በሻሻቸው አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ። የወደዱት መስሎት ያንኑ ስንኝ ሦስት ጊዜ ደገመው። በኋላ ምን እንዳለ ሲነግሩት ራት ሳይበላ ሄደ። እዚህ አልጽፈውም።

ሁለተኛ መምህር እዚህ ጋ ያስፈልጋል። ሙዚቀኛ መሆን የለበትም። ልጁን ያረመችው ቀፊራ በር ላይ ሻይ የምትሸጥ እናት ናት። ጠዋት ጠዋት ሻይ እየጠጣ ግጥሙን ያነብላታል፣ እሷ ስኳር እየጨመረች ታርመዋለች። አሁን ያንኑ ዘፈን ሲዘፍን እናቶቹ ይነሳሉ።

ዜማው የማን እንደሆነ አለመነጋገር

ይሉኝታችን እዚህ ላይ ብዙ ወዳጅነት በልቷል። ተማሪው ዜማ ያመጣል። መምህሩ መሃሉን ያስተካክላል፣ አዝማቹን ይለውጣል። ዘፈኑ ይወጣና የአንዱ ስም ብቻ ይጻፋል። ሁለቱ ሰዎች ከዚያ በኋላ መንገድ ላይ ሲገናኙ ሰላም አይባባሉም። ሁለት እንዲህ ያሉ ሰዎች አውቃለሁ፣ አንደኛው ትክክል ቢሆን ኖሮ ነገሩ በቀለለ። ሁለቱም ትክክል ናቸው።

የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሚባል ሕግ አለን። ሥራው የራስ ፈጠራ ከሆነ፣ ተጽፎ ወይም ተቀድቶ ከተቀመጠ፣ ሌላ ፎርማሊቲ ሳያስፈልግ ጥበቃ ያገኛል። የባለቤቱ የገንዘብ መብት በሕይወት ዘመኑ ሙሉ፣ ከሞተም በኋላ 50 ዓመት ይቆያል። «ተቀድቶ» የምትለዋን ልብ በሉ። አፍ ላይ ብቻ ያለ ዜማ ነፋስ ነው። ለመምህር ከማሰማታችሁ በፊት ስልክ ላይ ቅዱት፣ ቀኑ አብሮ ይቀመጣል። መምህሩን ስለማታምኑት አይደለም። ከአምስት ዓመት በኋላ ሁለታችሁም የማን እንደነበር ስለምትረሱ ነው። እሱ የለወጠውንም ለብቻ ቅዱት፣ ድርሻው ነውና። ከዚያ አንድ ወረቀት ላይ ግጥም የእገሌ፣ ዜማ የእገሌና የእገሌ፣ ቅንብር የእገሌ ብላችሁ ጽፋችሁ ፈርሙ። ቡና ላይ የሚያልቅ ነገር ነው።

መምህሩን ራሱን መሆን

መኮረጅ መጀመሪያ ላይ ደህና ነው፣ ሁሉም በዚያ ያልፋል። ግን ዘፈን ከመጀመሩ በፊት እንደ መምህሩ የሚያስል ልጅ አውቃለሁ። ሰውዬው የሚያስለው ሲጋራ ስለሚያጨስ ነበር።

ጀርባ ሰጥቶ የሚጫወት መምህር

ወጣቶቹን ብቻ መውቀስ ነውር ነው። በእኛ ዘመን ጣቱ እንዳይታይበት ወደ ግድግዳ ዞሮ የሚጫወት አንጋፋ ነበር። የሚያውቀውን ይዞት ሄደ። አሁን አንዳንዱን ዜማ ለመመለስ ስንሞክር እሱ ምን ያደርግ እንደነበር የሚነግረን የለም። ሐረር ላይ አብዱላሂ ሸሪፍ በግል ሙዚየማቸው ከጥንት መጻሕፍቱ ጋር የድሮ ሙዚቃ ቅጂዎችንም ሰብስበው ባያስቀምጡ ኖሮ ስንቱ እንደዚሁ በጠፋ።

የተገላቢጦሹም አለ፣ ሁሉን ነገር ቶሎ ቶሎ የሚያርም። እኔ የዚህኛው በሽታ አለብኝ። ጁገል ውስጥ አንድ ቤት ሄጄ አንዲት እናት የልጅ ልጃቸውን ስፌት ሲያስተምሩ አየሁ። የሐረሪ ቤት ግድግዳ በስፌት ተሞልቶ ታውቁታላችሁ፣ እነዚያ ጥለቶች የቆጠራ ሥራ ናቸው። ልጅቷ ወስፌዋን እየወጋች አክርማውን ስታጠብቅ አንድ ቀለም ዘለለች። እኔ እንኳ አየሁት። አያትየዋ አዩ፣ ዝም አሉ። ልጅቷ አራት ዙር ሄደች። አምስተኛው ላይ ጥለቱ አልገጥም ሲላት ቆመችና አያቷን ቀና ብላ አየች። «ፍቺው» አሏት፣ ሌላ ምንም አላሉም። እስከዚያች ቀለም ድረስ እየፈታች ተመለሰች። በኋላ ለምን ቀድመው እንዳልነገሯት ስጠይቃቸው «እጇ ይወቀው ብዬ ነዋ» አሉኝ።

ከሐረር ስመለስ፣ ደንገጎን ቁልቁል ስንወርድ መንገዱን ሙሉ እያሰብኩት መጣሁ።

ያ የጊታር ልጅ እሁድ መጣ። አሥር ሰዓት ብዬው ነበር፣ ዘጠኝ ተኩል ላይ በር ላይ ቆሟል። ስለ ስቱዲዮ አላነሳም። ማታ ሥራ ጨርሰን ዕቃ ስንሰበስብ ሳልነግረው ጎንበስ ብሎ የማይኩን ገመድ አነሳና በክንዱ ላይ ይጠመጥመው ጀመር፣ እያጠበቀ። አፌን ልከፍት ስል ተውኩት። የኪቦርዴን ሽፋን ዚፕ ዘጋሁና ባጃጅ ልጠራ ወጣሁ።