ኢድሪስ ግስ ሲመስል፦ የኤስፔራንቶ የስም ችግርና መፍትሄ

ደሴ ላይ ኤስፔራንቶን፣ ለዓለም አቀፍ መግባቢያ ተብሎ የተፈጠረውንና በላቲን ፊደል የሚጻፈውን ቋንቋ፣ ሳስተምር፣ ደብተር ባረምኩ ቁጥር የሚገጥመኝ ስህተት የስም ነው። ስም በኦ፣ ተሳቢ በን እንደሚያልቅ ታውቃላችሁ ብዬ ልጀምር።

ችግር፦ የሰው ስም ግስ ሆኖ ይነበባል።

አንድ የኮምቦልቻ ተማሪዬ ለውጭ አገር የብዕር ጓደኛው «ማርቆስ ኢድሪስን አየው» ሊል ፈልጎ «ማርቆስ ቪዲስ ኢድሪስ» ብሎ ላከ። በስልክ ስለጻፈው ሁሉም በትንሹ ፊደል ነበር። የመጣለት መልስ «ኢድሪ ምን ማለት ነው? መዝገበ ቃላት ላይ አጣሁት» የሚል ሆነ።

ምክንያት፦ የቋንቋው ፈጣሪ ዛመንሆፍ እ.ኤ.አ. በ1887 ያሳተመው ሰዋስው የቃሉን ሙያ በመጨረሻው ድምፅ ያሳውቃል። ኢስ ያለፈ ጊዜ፣ አስ የአሁን፣ ኦስ የወደፊት፣ ኡስ «ቢሆን ኖሮ»፣ ኡ ትእዛዝ፣ ኢ ደግሞ እንደ «መሄድ» ያለው ቅርጽ ነው። አሁን የወሎን ስም ጥሩ፦ ኢድሪስ ያለፈ፣ ኤልያስ የአሁን፣ ማርቆስ የወደፊት፣ ዩኑስ ቢሆን ኖሮ፣ ማሪቱ ትእዛዝ፣ ዓሊ እንደ «መሄድ»። ሰዓዳ ቅጽል፣ ደሴ ራሷ ተውሳከ ግስ ትመስላለች። ብቻውን የቆመን ስም ለዓይን የሚለየው ካፒታል ሌተር ነው። የኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ ስለሌለው እጃችን አለመደውም። እባካችሁ፣ ስልክ ላይም ቢሆን በትልቁ ጀምሩ!

መፍትሄ፦ ከስሙ ፊት መጠሪያ አስቀድሙና ን'ን እሱ ላይ አድርጉ፦ «ሚ ቪዲስ ሲንዮሮን ኢድሪስ» (አቶ ኢድሪስን አየሁ)፤ ጓደኛ ከሆነ «ሚያን አሚኮን ኢድሪስ»፤ ለከተማ «ላ ኡርቦን ደሴ»። እኛ «አቶ ኢድሪስን» ስለምንል ን ወደ ስሙ ትሸሻለች፤ አሥር ጊዜ አርሜ በአሥራ አንደኛው «ሲንዮሮ ኢድሪስን» ይመጣልኛል። ሌላው መንገድ ኦ መጨመር ነው፦ ኢድሪሶ፣ ሲሳብ ኢድሪሶን። ይህን ግን ባለስሙን ሳትጠይቁ አታድርጉ። ሰው በስሙ ይከበራል። በየስሙ ጭራ ኦ እየለጠፉ የሚዞሩትን የስም ዝርዝሮችም አትቅዱ፤ ማንንም ሳይጠይቁ የተሠሩ ናቸው።

ችግር፦ በኤስፔራንቶ «ዳንኤልን» ተብሎ ይጻፋል፣ ሲነበብ ግን አንደበት ላይ ይሰናከላል።

ምክንያት፦ በአማርኛ ን ከመግባቷ በፊት ሳድስ ድምፅ ሾልኮ ይገባና ያለሰልሰዋል። ኤስፔራንቶ 5 አናባቢ ብቻ ነው ያለው፤ ያ ሳድስ ከነሱ አንዱ አይደለም። ሌላም አለ። እኛ «መጽሐፍ አነበብኩ» ስንል ን አንጨምርም፣ ለሰው ስም ግን የግድ ነው። እዚያ ተገላቢጦሽ ነው፦ መጽሐፉ ያለ ን አይታለፍም፣ ኦ ያልለበሰ ባዕድ ስም ግን ያለ ን ቢቆም ይፈቀድለታል።

መፍትሄ፦ ዳንኤል ብላችሁ ተዉት፣ ወይም ዳንኤሎን በሉ። በአናባቢ የሚያልቅ ስም ን'ን በቀጥታ ይቀበላል፦ ከበደን፣ ሰዓዳን።

«አል ኮምቦልቾን»፦ አል «ወደ» ነው፣ ን'ም እዚህ ያንኑ ትላለች፤ አንዱን ምረጡ። ወይ «አል ኮምቦልቾ» ወይ «ኮምቦልቾን»፤ ሁለቱም «ወደ ኮምቦልቻ» ማለት ናቸው።

የጦሳ (የደሴው ተራራ) ጥ፦ ኤስፔራንቶ ውስጥ የለም፤ በተራው ት ጻፉ።

ሎጅባንና ቶኪ ፖና የተባሉትን ሌሎች ሰው ሠራሽ ቋንቋዎች ለምትሞክሩ፦ ሎጅባን ላይ የተጸውዖ ስም በተነባቢ ማለቅ አለበት፣ ስለዚህ ደሴ መጨረሻዋ ላይ ለምሳሌ ስ ይጨመርላታል። ቶኪ ፖና ድ ስለሌላት «ማ ቶሞ ቴሴ» (ደሴ ከተማ) ይሆናል፤ ማ ቶሞን ከፊቱ አትጣሉ።

የአባት ስም፦ የውጭ ሰው ሁለተኛውን ስማችሁን የቤተሰብ ስም አድርጎ ያነበዋል፣ «ሲንዮሮ» ብሎም አባታችሁን ይጠራል። በኤስፔራንቶ የቤተሰብን ስም ሙሉ በሙሉ በትልልቅ ፊደል የመጻፍ ልማድ ስላለ፣ የአባታችሁን ስም እንዲያ አትጻፉት። የመጀመሪያውን ደብዳቤ ስትልኩ «ስሜ ኢድሪስ ነው፣ ሁለተኛው የአባቴ ነው» የሚል አንድ መስመር ጨምሩበት።